እርስዎ ይቅደሙ

የሰው ልጅ ሩጫን ከፈለሰፈበት ዕለት ጀምሮ አንድ ከባድ ስህተት ሲሠራ ኖሯል፤ ይኸውም ፈጥኖ የሮጠውን ሰው አሸናፊ ነው ማለቱ ነው። ይህን የዘመናት ስህተት ያረሙት ሰው የቀድሞው የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ዓመት ቢያልፋቸውም ከተማው ዛሬም "ሥራ አስኪያጁ" ይላቸዋል። ውሃ ቸኩሎ እንደማይመጣ ሕዝቡን ለሃያ ዓመት በተግባር ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ ስለ ፍጥነት ከንቱነት ቢናገሩ ያምርባቸዋል።

ጡረታ ለሥራ አስኪያጁ አልተስማማቸውም። የቆጫቸው ደመወዙ አይደለም፤ መኪናውም አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ክፍል በገቡ ቁጥር ሰው ብድግ ይልላቸው ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ብድግ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው ብድግ፣ ቧንቧው ደረቀብኝ ብሎ ሊጮህ የመጣው ባለጉዳይ እንኳ ጩኸቱን ውጦ ብድግ። ጡረታ በወጡ ማግስት ግን የገዛ ሳሎናቸው በር ላይ እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቆም ቢሉ፣ ባለቤታቸው ከሶፋው ቀና ብለው የጠፋባቸው ዕቃ እንዳለ ጠየቋቸው። ያን ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከልባቸው አዘኑ።

ሐኪማቸው ለስኳሩም ለደም ግፊቱም እንዲሮጡ የመከራቸው በዚሁ ሰሞን ነው። በአካባቢው ከተሞች በየዓመቱ አምስት ጊዜ የጎዳና ላይ ሩጫ ይካሄዳል። ተወዳዳሪው በዕድሜ ምድቡ ነጥብ ሲሰበስብ ከርሞ፣ ከአምስተኛው ሩጫ በኋላ የየምድቡ አሸናፊ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይሸለማል። ሥራ አስኪያጁ ከውድድሩ ደንብ ውስጥ ልብ ብለው ያነበቡት አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፤ እሱም "አሸናፊው ወደ መድረክ ሲወጣ ታዳሚው በሙሉ ከመቀመጫው ይነሳል" የሚለው ነው። በዚያው ቀን ሄደው ተመዘገቡ።

ምድባቸው ከስልሳ እስከ ስልሳ አራት ዓመት ያሉት ነበር። ስልሳ ሦስት የሞላቸው ሥራ አስኪያጅ ከሚፎካከሯቸው መካከል ሁለቱ አስቸጋሪ ነበሩ። አንደኛው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል እግሩ ድካም አያውቅም። ሁለተኛው ባለታክሲው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይዋል እንጂ ሲሮጥ ሳይከፍል የወረደ ተሳፋሪ የሚያሳድድ ይመስላል። ሁለቱም በዕድሜ ከእርሳቸው ያንሳሉ፤ ከተቀሩት ተወዳዳሪዎች ግን ይበልጣሉ።

ታላቁ ግኝት የተገኘው በመጀመሪያው ሩጫ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማለቂያው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ መጥቶ ትከሻቸው አጠገብ ደረሰ። ትንፋሻቸው አልቆ ነበር፤ ምላሳቸው ግን አላለቀም።

"እለፈኝ ልጄ፣ ግድ የለም" አሉት። "የእኛ ዘመን እንግዲህ አለፈ።"

ፀጉር አስተካካዩ ክው አለ። "ኧረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው? እርስዎ ይቅደሙ እንጂ።"

"የለም፣ አንተ ቅደም።"

"አይደረግም። ሞቼ ነው የምቀድምዎት?"

"እንግዲህ ካልክ" አሉና ሥራ አስኪያጁ ገቡ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ እንደቆመ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ አሳልፏቸው ተከትሎ ገባ። የአንደኛነቱ ነጥብ ተመዘገበ።

በሁለተኛው ሩጫ ባለታክሲው ገና ከመነሻው ርቆ ሄዶ ስለነበር "እለፈኝ" የሚባል ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ግን ከሩቅም የሚይዙበት መላ አላጡም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁት። የባለታክሲው እናት ታመው ከርመዋል። የእናት ጤና ተጠይቆ ጀርባ ሰጥቶ መልስ መስጠት ደግሞ ከጨዋ ቤት የወጣ ሰው የሚያደርገው አይደለም፤ ስለዚህ ባለታክሲው ቆመ፣ ዞረ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ይተርክ ጀመር። የወገባቸውን ሕመም ተርኮ ጨርሶ ሐኪሙ ስለ ኩላሊታቸው ያለው ላይ ሲደርስ፣ ሥራ አስኪያጁ "እግዜር ይማርልን" እያሉ አጠገቡ አለፉ።

ማታ ባለቤታቸው የጉልበት ቅባት እየቀቧቸው ጠየቁ።

"ለመሆኑ ሮጠህ ነው ወይስ አውርተህ የምታሸንፈው?"

"ተከብሬ ነው" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ይሁንና እንዲህ ያለ ትልቅ እሴት በሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም። በመሆኑም ሥራ አስኪያጁ ከሦስተኛው ሩጫ በፊት ለአዘጋጅ ኮሚቴው የውይይት መነሻ ሐሳብ አቀረቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ካሉ በኋላ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ እንደሚነክስ አስታውሰው፣ በአሁኑ ወቅት በጎዳናዎቻችን ላይ የሚታየውን ቀደም ቀደም የማለት አዝማሚያ ከምንጩ ማድረቅ የሁሉም ባለድርሻ አካላት ኃላፊነት መሆኑን አሳሰቡ። ምንጭ በማድረቅ ረገድ የሃያ ዓመት ልምድ ስለነበራቸው የሚከራከራቸው አልተገኘም። የኮሚቴው ሰብሳቢም ቀድሞ በእርሳቸው ሥር የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ሳያውቀው ብድግ ብሎ ነው ያዳመጣቸው። በስልሳዎቹ ምድብ "ማንኛውም ታናሽ ታላቁን በጠባብ መንገድ ላይ አይቀድምም" የሚል አንቀጽ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሰብሳቢው ለሥራ አፈጻጸም እንዲያመች ጠባቡ መንገድ የቱ እንደሆነ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁም ክብር ላለው ሰው መንገድ ሁሉ ጠባብ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ ደግሞ ትሑት ሰው መሆናቸው እንዲታወቅላቸው "ታላቁ ራሱ እለፉ ብሎ ከፈቀደ በቀር" የሚል ሐረግ በገዛ እጃቸው አስገቡ። እንዲህ ብሎ የሚፈቅድ ታላቅ በምድቡ ውስጥ ከእርሳቸው ሌላ የለም፤ እርሳቸው ደግሞ የመፍቀድ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የስልሳዎቹ ምድብ ውበቱ ጨመረ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሩጫ ተወዳዳሪዎቹ በልደታቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ገቡ። ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ኪሱ ከቶ ልደት ብቻ መያዝ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩና ባለታክሲው እግራቸው እያሳከካቸው ከኋላ ያዘግማሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ከፊት ሆነው ለግራና ቀኝ ሕዝብ እጅ ይነሳሉ። ለመጨረሻው ሩጫ ሲደረስ ነጥባቸው ተከምሮ፣ የመጨረሻው ሩጫ ነጥብ በእጥፍ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ሁለተኛ ቢወጡ እንኳ ዋንጫው የእርሳቸው ነበር። ኮታቸውን ላውንደሪ ሰጡ። መስታወት ፊት ቆመውም ሕዝቡን "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" የሚሉበትን የእጅ አኳኋን ተለማመዱ።

የመጨረሻው ሩጫ በራሳቸው ከተማ ነበር የሚካሄደው። የዚያን ዕለት ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ፈካ ብሎ እንደነበር በኋላ ብዙ ሰው ተናግሯል።

መነሻው ላይ ተኩሱ ተተኮሰ። ወጣቶቹ ብር ብለው ሄዱ፤ ስልሳዎቹ በደንቡ መሠረት ተንቀሳቀሱ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ዞር እንዳሉ ሥራ አስኪያጁ ከፊታቸው አንድ ሰፊ ጀርባ አዩ። ቡናማ የስፖርት ጃኬት፣ ነጭ ኮፍያ፣ አዲስ ሸራ ጫማ። ልባቸው ስንጥቅ አለ። ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ።

ታላቅ ወንድማቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በመሬት ቀያሽነት አገር በእግራቸው ሲለኩ የኖሩ፣ ስልሳ አምስት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ሥራ አስኪያጁን አዝለው ወንዝ ያሻግሯቸው ነበር። ከባለቤታቸው በቀር ሥራ አስኪያጁን በዚህ ምድር ላይ "አንተ" የሚላቸው ሰው እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ አሰቡ። ወንድማቸው ሳይነግሯቸው ውድድሩ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው፤ ዕድሜያቸውም ለምድቡ ልክ ነው። ምን ልታደርግ መጣህ ብሎ ታላቅን መጠየቅ ነውር ነው፤ አልፎ መሄድ ደግሞ ነውርም ነው፣ አንቀጽም አለበት። ቢሆንም ወንድማቸው አንደኛ ቢወጡ እርሳቸው ሁለተኛ ይሆናሉ፤ ለዋንጫውም ያ ይበቃል። ስለዚህ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ከወንድማቸው ጀርባ አዘገሙ። እንደ ድሮው ቢሆን ወንድማቸው ሲራመዱ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሥራ አስኪያጁ የወንድማቸውን ቀስ ማለት አይተው ዕድሜ እንደተጫናቸው ገመቱና አዘኑላቸው።

ከሥራ አስኪያጁ ኋላ ባለታክሲው፣ ከእርሱ ኋላ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከእርሱም ኋላ የተቀሩት ተከተሉ። ወሬኛ ሁሉ በረንዳው ላይ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

መንገዱ ሲጋመስ ታላቅ ወንድም ከኋላቸው የብዙ ሰው ትንፋሽ ሰምተው በትከሻቸው ላይ ዞር ብለው አዩ።

"እናንተ ልጆች ምን ሆናችሁ ነው እኔ ኋላ የምትርመሰመሱት? እለፉ እንጂ። እለፉ፣ እለፉ።"

ባለታክሲው ይህን ሲሰማ ሥራ አስኪያጁ አጠገብ ብቅ አለ። "እናቴ ድነዋል፤ ሰላም በልልኝ ብለዋል" አለና ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

"ታላቅ ፈቀደ ጋሼ። የታላቅ ቃል ደግሞ አይሰበርም፤ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

ይህን ብሎ ተፈተለከ። ያን ጊዜ ከተማው ፀጉር አስተካካይ እንዴት እንደሚሮጥ አየ። የተቀሩትም እጅ እየነሱ አለፉ።

ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከባድ የሕግ ጥያቄም ገጠማቸው። "ልጆች" የሚለው ቃል እርሳቸውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ይጨምራል ብለው ቢሮጡ በሕዝብ ፊት ልጅ መሆናቸውን ማመናቸው ነው። ልጅ ከሆኑ ደግሞ ማን ይነሳላቸዋል? አይጨምርም ብለው ቢቀሩ ዋንጫው ሄደ። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው በመጨረሻ አንገታቸውን አስግገው ሞከሩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ ምን ይመስልዎታል?"

"አይዞህ" አሉ ታላቅ ወንድም ወደ ኋላ ሳያዩ። "አትቸኩል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ከዚያም ይበልጥ ቀስ አሉ። አንድ የታጠረ ግቢ ጋ ቆመው አጥሩ ሁለት ክንድ ወደ መንገዱ መግባቱን በዓይናቸው ለክተው ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላቸው እየሠራ ቦታውን እንደማይለቅ የልብስ ስፌት መኪና እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ጠበቁ። ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ከሩቅ የማለቂያው ጭብጨባ ይሰማ ነበር፤ ለማን እንደሚጨበጨብ አልጠፋቸውም።

ማለቂያው መስመር ላይ ሲደርሱ ታላቅ ወንድም መስመሩን ትተው ዳር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ታጠፉ። ቁጭ ብለው የጃኬታቸውን ዚፕ ከፈቱ። ደረታቸው ላይ ከውስጥ ልብሳቸው በቀር ምንም አልነበረም።

"ወንድም ጋሼ፣ የተወዳዳሪ ቁጥርዎስ?"

"የምን ቁጥር?"

"የሩጫው።"

"እኔ ምን በወጣኝ እሮጣለሁ? ፀጉር አስተካካይህ እኮ ነው፣ ሊላጨኝ ጢሜን እያሸ፣ እሁድ መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው፣ ለእግር ጉዞ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም ያለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥሩ አየር አገኘሁ።"

ታላቁን ከኋላ የሚከተል ሰው የታላቁን ደረት አያይም። ደንቡን ሲያረቅቁ ይህ ለሥራ አስኪያጁ አልታያቸውም ነበር። መስመሩን ከምድቡ ሁሉ መጨረሻ ተሻገሩ። ሰዓት ያዡም ምን መጻፍ እንዳለበት ግራ ገብቶት የልደታቸውን ቀን ጻፈላቸው።

ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ፀጉር አስተካካዩ የስልሳዎቹ ምድብ የዓመቱ አሸናፊ ተብሎ ተጠራ። ይህ ድል የፍጥነት ሳይሆን የመታዘዝ ውጤት መሆኑን፣ ለዚህም ያበቁትን ታላላቆቹን ሁሉ እንደሚያመሰግን ተናገረ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ሥራ አስኪያጁም ላውንደሪ ገብቶ በወጣው ኮታቸው ብድግ አሉ፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀጥ ብለው የቆሙት እርሳቸው ነበሩ። እያጨበጨቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያየ ሁሉ የደስታ ነው ብሎ መሰከረላቸው።

አጠገባቸው ያሉት ታላቅ ወንድማቸው ብቻ አልተነሱም ነበር። ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲያሹ ቆይተው የኮታቸውን ጫፍ ጎተት አደረጉ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ አሉላቸው።

"አንተ፣ አሞህ ነው እንዴ?"

"ምነው ወንድም ጋሼ?"

"ጠዋት ከኋላዬ ስትጎተት እኔ ላይ መድረስ አቃተህ። ሰው ፊት ጥዬው ብሄድ ያፍራል ብዬ እኮ ነው እንደዚያ ያዘገምኩልህ።"