ነጠላዬን ገልብጬ የወጣሁ ዕለት

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከፀሐዩ ሸሽታችሁ በዚህ በጥላው በኩል ተቀመጡ። መጋቢት ገብቷል። ብርድ ያለበት አገር ሰው ሙቀት ሲመጣ ደስ ብሎት ከቤቱ ይወጣል አሉ፤ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ሣር ላይ ይንከባለላል። እኛ ድሬዎችስ ሙቀቱ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንተኛለን። መውጣት ከተባለ እኛም ወጥተናል። ልዩነቱ እነሱ ቆመው ይወጣሉ፣ እኛ ተኝተን እንወጣለን።

ስለዚህ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ወር፣ በእኔ ዕድሜ ስፖርት ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ሐኪም አስፈራርቶታል፣ ወይ ልጁ አስፈራርቶታል። እኔን ሁለቱም ተባብረውብኛል። ሐኪሙ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገና፣ "እማማ፣ ይሄ ጉልበት አልታመመም፤ ሥራ ፈትቷል" አለኝ። ስንት ልጅ አዝዬበት የኖርኩትን ጉልበት ሥራ ፈት! "ጠዋት ጠዋት ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ላብ ይምጣ" ብሎ ሸኘኝ። ላብ? ላብማ ቁጭ ብዬም ይመጣል፤ ድሬዳዋ ላብ ፍለጋ ይኬዳል እንዴ?

ልጄ ሰለሞን ግን ከሐኪሙ ባሰ። እሱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ደወለና፣ "እማዬ፣ እዛ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠሽ ተቀምጠሽ እግርሽ ሊያያዝ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ ደርሰሽ ከተመለስሽ እተውሻለሁ፤ ካቃተሽ ግን ይዤሽ ነው የምሄደው፣ እኔ ጋ ነው የምትኖሪው" አለኝ። የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እስቲ ፍረዱኝ! መራመድ ላቃታት ሴት የተገኘላት መድኃኒት ደረጃ! እዚያ አንዴ ከወጣሁ የምወርደው ሰው ተሸክሞኝ ነው። ደግሞስ ባለቤቴን የቀበርኩት እዚህ፣ ስሜን ጠርቶ የሚያልፈው ሰው እዚህ፣ ሐሊማ እዚህ!

ሐሊማ በአጥር የምትዋሰነኝ ጎረቤቴ ናት። ልጆቻችንን በአንድ ላይ ነው ያሳደግነው፤ የማን ልጅ የማን ቤት እንደሚያድር እንኳ አናውቅም ነበር። የሰለሞንን ዛቻ ስነግራት፣ "ወላሂ አትሄጂም! እኔስ ታዲያ ከማን ጋር ልጣላ ነው?" አለች። ወዲያው አዋጅ አወጀች። ነገ የንጋት ሶላቷን፣ ሱብሂን፣ ሰግዳ አጥሩን ታንኳኳለች፤ ካልተነሳሁ ውሃ ትደፋብኛለች። ስንራመድ ደግሞ ወሬ የለም። "እኔና አንቺ ካወራን እንቆማለን፣ ከቆምን እንቀመጣለን፣ ከተቀመጥን ምሳ ይደርሳል" አለች። እውነቷን ነው። ሰላምታ እንኳ በእጅ ብቻ ይሁን ተባባልን።

በነጋታው ገና ጨለማው ሳይገፍ አጥሩ ተንኳኳ። መብራት ጠፍቷል። በዳበሳ ነጠላዬን አነሳሁ፣ ስራመድ እንዳይወድቅብኝ ብዬ ወገቤ ላይ ሸብ አደረግሁትና ወጣሁ። ጥለቱ ወዴት እንደዞረ ማን ያያል? ጥለት ወደ ታች ሲሆን ለበዓል ነው፣ ወደ ላይ ሲሆን ለሐዘን። የእኔ ወደ ላይ ኖሯል። ሐሊማም እንደ ልማዷ ጥቁር አባያዋን ለብሳለች። እንግዲህ አስቡት። ቀን ሙሉ አፋቸው የማይዘጋ ሁለት አሮጊቶች፣ አንዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አደግድጋ፣ ሌላዋ ጥቁር ለብሳ፣ በጨለማ፣ ዝም ብለው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው በፍጥነት ይሄዳሉ። ፊቴ የተጨፈገገው እንኳ ጉልበቴን ስላመመኝ ነው።

መጀመሪያ ያየችን አስካለ ናት፤ ደጇን እየጠረገች ነበር። "እንዴት አደራችሁ?" አለች። በእጅ ብቻ መለስንላት። መጥረጊያዋን ጣል አድርጋ ወደ ቤት ስትገባ አየኋት፤ ምን ሆነች ብዬ አልፌ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን ኮቴ ሰማሁ። አስካለ ነጠላ ደርባ ተከትላናለች! ከእሷ ኋላ የባሏ እህት፣ ከዚያ ባለ ሱቁና ሚስቱ፣ ከዚያ ሌሎችም። እኔ ምን መሰለኝ? አርአያ የሆንኩ መሰለኝ! ሰፈሩ በሙሉ ከተኛበት ነቅቶ፣ ለጤናው ሊነሳ፣ እኔን አይቶ ሊከተል! ደረቴ ተነፋ። ሰው ሲያይማ እንዴት ቀስ ይባላል? ፈጠን አልኩ። እነሱም ፈጠን አሉ።

አንድ ባጃጅ አጠገባችን መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ዘፈኑን ቶሎ አጠፋና፣ "ግቡ እማማ፣ ሒሳብ የለም። እንደዚህ ሆናችሁማ በእግር አይሆንም" አለ። በዚህ ከተማ ባጃጅ በነፃ ልጫንሽ ካለ አንድ ነገር አለ ብዬ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን፣ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ በእጄ አመሰገንኩና ሄድኩ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ከሰዉ ኋላ ቀስ እያለ ይነዳ ጀመር።

ታዲያ ማን እንደሞተ አንድ ሰው አይጠይቅም? አይጠይቅም! እዚህ አገር ለቅሶ መንገድ ላይ "ማን ሞተ?" ብሎ መጠየቅ፣ ጎረቤት ሆኜ ሳልሰማ አደርኩ ማለት ነው፤ ነውር ነው። የፊተኛው ያውቃል ተብሎ ይኬዳል። የፊተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔ የማውቀው ጉልበቴን ብቻ።

አስፋልቱ ሊያልቅ ሲል ጉልበቴ በቃኝ አለ። አጠገቤ የነበረው የጋሽ በቀለ የግቢ በር ነው። ጋሽ በቀለ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰዓታቸውን እያዩ፣ የሚመጣ ባቡር ያለ ይመስል ደጃቸው ላይ ይቆማሉ። ያን ሰሞን ግን ወባ ጥሏቸው ደጅ አልታዩም ነበር። የበራቸውን ብረት ያዝ አደረግሁና ከልቤ "ወይኔ!" አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። አስካለ ከኋላዬ "ጋሽ በቀለን!" ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ተናወጠ። ሰዉ በሩን በርግዶ ገባ። "አባቴን!" የሚል አለ፣ "ደጉን ሰው!" የሚል አለ፣ ደረቱን የሚደቃ አለ። ሐሊማ እንኳ "ያ ረቢ!" ብላ አለቀሰች፤ አብራኝ መጥታ፣ ምንም አለመስማታችንን እያወቀች! በኋላ ስጠይቃት፣ "ሁሉም ሲያለቅስ አንቺ ደብቀሽኝ ነው ብዬ" አለችኝ።

ጋሽ በቀለ እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው ግቢያቸው ውስጥ፣ ነጭ አጎበር ተዘርግቶላቸው ተኝተዋል። ጩኸቱ ሲበዛ አጎበሩ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ ከነአጎበሩ ተነሱ። ሬሳ ተነሳ ብላ መጀመሪያ የሮጠችው አስካለ ናት፤ እንደዚያ መሮጥ ከቻለች ስፖርት ምን ያደርግላታል?

መሳቅ ያማረኝ ግን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ጋሽ በቀለ አጎበሩን ገፈው፣ ሽርጣቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ ግቢያቸውን ሞልቶ የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። መርዶ እንደሱ ነው የሚመጣው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ። አንድ ልጃቸው ጅቡቲ ወደብ ይሠራል። "ልጄ ነው?" አሉ። "ተስፋዬ ነው ወይ? ንገሩኝ እንጂ!" አሉና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ።

ያኔ ለቅሶው ሁሉ ቀጥ አለ። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ፤ የፊተኛዋ ነኛ! ቀና ብዬ፣ "የለም ጋሽ በቀለ፣ ማንም አልሞተም። ይሄ... ስፖርት ነው" አልኩ።

"ምን?" አሉ።

"ስፖርት። ሐኪም አዞኝ።"

አላመኑኝም። ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ጅቡቲ ደወሉ። ተስፋዬ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ "አባዬ፣ በዚህ ሰዓት ምን ሆነህ ነው አቦ?" ብሎ ሲነጫነጭ ጋሽ በቀለ ስልኩን ግንባራቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኛም አዲስ ለቅሶ አለቀስን፤ ይኸኛው የደስታ ነው። ወደ እኔ ዞረው ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጠረጉና ሰዉን አንድ በአንድ ይመለከቱ ጀመር። "አንቺ አልቅሰሻል። አንተም። አንቺ ግን ፊትሽን በነጠላ ሸፈንሽ እንጂ እንባ የለም፤ አየሁ" አሏት የባለ ሱቁን ሚስት። የባጃጁ ሾፌር በር ላይ ቆሞ፣ "ታዲያ ስፖርት ከሆነ በእግራችሁ ተመለሱ" ብሎ ዘፈኑን ከፍቶ ሄደ።

በእግራችን ተመለስን። በማግስቱ አስካለ፣ "ጉልበቴ ከትናንት ወዲህ ቀለል ብሎኛል" ብላ ደጃፌ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ መጡ።

ለፋሲካ ሰለሞን መጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ሊፈትነኝ ወጣ። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ? ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ያቃተው ይወሰዳል ብለህ አልነበር? እንግዲህ እዚህ የምትቀረው አንተ ነህ" አልኩት። ያው ባጃጅ ወደ ቤት መለሰው፤ የአሁኑን ግን በነፃ አልጫነውም።

አሁን ሰለሞን አዲስ አበባ ነው፣ ያለ እኔ። እሱንም ሐኪም ተራመድ ብሎታል፤ ደረጃ እየወጣ ይደውልልኛል፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። ሐሊማ አጥሬን ማንኳኳቷን አልተወችም፤ ዝም ማለቱን ግን ከተወችው ቆየች። የባለ ሱቁ ሚስት ጋሽ በቀለ ባሉበት አትራመድም። ተስፋዬ አባቱን ሊያይ ከጅቡቲ መጥቶ ተመልሷል። እኔ ነጠላውን ትቼ፣ ሰለሞን የላከልኝን ቢጫ ሹራብ እለብሳለሁ፤ በዚህ ሙቀት! ምን ላድርግ፣ ቢጫ ለብሶ ለቅሶ የሚሄድ የለም።

ጋሽ በቀለም ወባው ለቋቸው ከእኛ ጋር ይራመዳሉ፤ የድሮ የባቡር ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሁልጊዜ ከፊት። ከኋላ ቢሆኑ ይሻላል፣ ያደክምዎታል ስንላቸው አይሰሙም። "ከፊት ልሁን" ይላሉ፤ "መኖሬን ሰው ይይ።"