የጋሽ ሥርዓት የደረት ማይክ

ጋሽ ሥርዓት የሌሉበት ጉባኤ ገና አልተመሠረተም። ጣሪያው ሳይለብስ፣ ወንበሩ ሳይገዛ፣ እሳቸው ቀድመው በሩ ላይ ቆመዋል። ስማቸው ከቦታ ቦታ ይለያይ ይሆናል እንጂ ሰውየው አንድ ናቸው፤ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ በብብት የተያዘ መጽሐፍ፣ «አሁን ሊሳሳቱ ነው» ብሎ ቀድሞ የተኮሳተረ ግንባር። ፓስተር ይቀየራል፣ ዘማሪ ይቀየራል፣ መጋረጃም ይቀየራል፤ እሳቸው ግን ምሰሶ ናቸው። ምሰሶ እንኳ አልፎ አልፎ ቀለም ይቀባል።

የዚህኛው ጉባኤ ጋሽ ሥርዓት ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ጡረታ የወጣው ግን ደሞዛቸው እንጂ እጃቸው አይደለም። ወንዶችን ወደ ቀኝ፣ ሴቶችን ወደ ግራ ይመራሉ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ካዩ «መስመር! መስመር!» ይላሉ። የጎደለቻቸው ፊሽካዋ ብቻ ናት።

እጁን ኪሱ ከትቶ የሚጸልይ ወንድ አጋጥሟቸው ያውቃል። በጸሎቱ መሐል ጆሮው ሥር ደርሰው «እጅህ ምን ጠፍቶበት ነው ኪስህ የገባው? ወንድ ሲጸልይ እጁን ያነሳል!» አሉት፤ ሰውየው ደንግጦ ሁለቱንም እጆቹን እንደ ተማረከ ወታደር አነሳ። ለሞተ ወንድሟ ስቅስቅ ብላ የምታለቅስ ሴት ዘንድ ሲሄዱ ሰው ሁሉ ሊያጽናኗት መስሎት ነበር፤ ጎንበስ ብለው «ሻርፕሽ ተንሸራቷል» አሏት። አንዲት አዲስ ሙሽራ ደግሞ አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጸለይ ጀመረች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳትደርስ ጋሽ ሥርዓት «አሜን!» አሉ። የእሳቸው አሜን ቀይ መብራት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አያልፍም።

በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የምትንገበገበው ኤሌክትሪሻኗ ናት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እሷ ያልነካችው ሽቦ የለም። ሶኬቱን የገጠመች፣ ድምፅ ማጉያውን የሰቀለች፣ በየፕሮግራሙ ከኋላ ሚክሰሩ ጋ ተቀምጣ ድምፅ የምትቆጣጠር እሷ ናት። አንድ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቆ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት ማይኩን ፈታትቼ ስጠግነው ምንም አላሉኝም።»

«መጠገን ሥራ ነው።»

«‹አንድ፣ ሁለት› ብዬ ስሞክረውስ?»

«እሱ ሙከራ ነው።»

«‹ጌታ ሆይ› ብዬ ብሞክረውስ?»

«እሱ ጸሎት ነው! ጸሎት በሥርዓት ነው! ሴት በጉባኤ በጸጥታ ትማር ተብሏል።»

ይህን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ሁልጊዜ ለጉባኤው ያነባሉ። የሚያበሽቃትም አነባበባቸው ነው። ለሴቶቹ የተጻፈውን፣ ስለ አለባበሱና ስለ ጸጥታው፣ ቃል በቃል እየረገጡ፤ ለወንዶቹ የተጻፈውን፣ እጃቸውን ሲያነሱ ያለ ቁጣና ያለ ክርክር ይሁን የሚለውን፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «የሴቶቹን በማይክ፣ የወንዶቹን ያለ ማይክ ነው የሚያነቡት» ትላለች ለእናቷ።

እናትየው አልጋ ከያዘች ሰንብታለች። ፕሮግራሙን የምትከታተለው ልጇ ለሕሙማን በዘረጋችው የስልክ መስመር ነው። ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት አንድ ቀን ሲቀር ልጇን ጠራቻት።

«ዛሬ በጉባኤው ፊት አንቺ ጸልዪልኝ።»

«እማዬ፣ እዚሁ አልጋሽ ጎን ልጸልይልሽ።»

«እዚህማ ሁልጊዜ ትጸልያለሽ። እኔ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ አሜን ሲልልኝ ሰምቼ ልግባ። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

«ጋሽ ሥርዓት ይጸልዩልሽ?»

«እሳቸው ሲጸልዩልኝ መንጃ ፈቃዴን የሚቀሙኝ ይመስለኛል። መኪና እንኳ ነድቼ አላውቅም!»

ኤሌክትሪሻኗ ፓስተሩን ጠየቀች። ፓስተሩ ሰላም ወዳድ ሰው ነው፤ «በእኔ በኩል ምንም ችግር የለም፤ ብቻ ጋሼን አነጋግሪያቸው» አላት። ሰላም ወዳድ ሰው ሁልጊዜ ሌላውን ነው ጦር ሜዳ የሚልከው።

በሩ ላይ አገኘቻቸው።

«እኔ እጸልይላቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ሥርዓት። «የእኔ ጸሎት ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። እናቴ ግን የጠየቀችው የልጇን ነው።»

«ዛሬ አንቺ፣ ነገ ሌላዋ! ከዚያ ማን ይመልሰዋል?»

«ምኑን ነው የሚመልሱት ጋሼ? ጸሎት እኮ ነው፤ ጎርፍ አይደለም!»

«አትመልሺልኝ! መስመር!» ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እያያቸው፣ እንደ ልማዳቸው ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው የወንበር ማከማቻ ክፍል ተፈተለኩ። ፕሮግራም ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ እዚያ ይገባሉ። ሚስታቸው፣ ጉባኤው «እትዬ ዝም» የሚላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏቸው። «ምስኪን፣ እዚያም ሊቆጧት ነው» አለች አንዷ ከግራ በኩል።

ኤሌክትሪሻኗ እየተንጨረጨረች ሚክሰሩ ጋ ተቀመጠች። ጋሽ ሥርዓት የደረት ማይካቸውን ከቤታቸው ሲወጡ ጀምሮ አብርተው ነው የሚመጡት። ማጥፋት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ባትሪ ይፈጃሉ። የአዳራሹን ድምፅ ዝቅ አድርጋ፣ ባትሪው መሥራቱን ለማወቅ የጆሮ ማዳመጫዋን ደፋች።

«…አልችልም አልኩሽ። ዛሬ እጄን አላነሳም።»

«ለምን?» የእትዬ ዝም ድምፅ ነው። ኮራ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

«ተቆጥቻለኋ! በሩ ላይ ከዚያች ልጅ ጋር ተከራከርኩ። በቁጣ የተነሳ እጅ ለመንገድ ይሆናል እንጂ ለጸሎት አይሆንም። የወንድ ትእዛዝ እሱ ነው።»

«ያለፈው ሳምንትም ተቆጥተህ ነበር።»

«ያለፈው ሳምንትም አንቺ ጸልየሽልኝ ነው የወጣሁት። አሁንም ጸልዪልኝና ይብረድልኝ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ኤሌክትሪሻኗ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው።

«ጌታ ሆይ» አሉ እትዬ ዝም፣ «ይህን ሰው አንተው ነህ የሰጠኸኝ፤ ልመልሰው አላልኩም። ልቡ ደግ ነው፤ ፉጨቱ ግን በዛ። አብርድለት። የዚያችን ልጅ እናት ከሐኪም እጅ በሰላም አውጣት። ልጅ ለእናቷ ልጸልይ ብትል ምን ጥፋት አለባት? አንደበቷን ባርክላት። አሜን በል።»

ጋሽ ሥርዓት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጨረሻዋ ላይ ማሰብ አለብኝ።»

«አሜን በል!»

«…አሜን።»

የኤሌክትሪሻኗ ጣት የድምፅ ቁልፉ ላይ ነበር። ትንሽ ወደ ላይ ብትገፋው ቀኙም ግራውም ይሰማል፤ በስልክ ያሉት ሕሙማንም ይሰማሉ። ሴትን ዝም ሲያሰኙ የኖሩት ሰው በሴት ጸሎት ቆመው እንደሚሄዱ አገር ያውቃል። ስትውጠው የኖረችው ቃል ሁሉ ጣቷ ጫፍ ላይ ተሰበሰበ። ግን ሙያ ሙያ ነው። የሰው ግድግዳ ከፍቶ ሽቦ የሚቀይር ሰው ውስጥ ያየውን ይዞ ጎረቤት አይሄድም። ማይኩን በእሷ በኩል ዘጋችው፤ ማዳመጫውንም አወለቀች።

ጋሽ ሥርዓት ፊታቸው በርዶ ወጡ። የደረት ማይካቸውን መልሳ ከፈተችላቸው። ሁለቱን እጆቻቸውን አንስተው ጸለዩ፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መሪዎች። ከዚያ የእጅ ማይክ አንስተው በመሐል መተላለፊያው፣ ራሳቸው በከለከሉት መንገድ፣ ቀጥ ብለው ወደ ሚክሰሩ መጡ።

«አንዲት እህት ጸሎት አላት» አሉ። ማይኩን ሲያቀብሏት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሻርፕሽን አስተካክይ። አጭር ይሁን። ስለ እናትሽ ብቻ፤ ወደ ሌላ መስመር እንዳትገቢ።»

ከቀኝ በኩል አንድ ወንበር ተንቋቋ። «ጋሼ!» አለ ባለሱቁ፣ እጁን ኪስ ከትቶ የተያዘው ያ ሰውዬ፤ «ሥርዓቱስ?»

«ዝም በል! ጸሎት ላይ ነን!» ብለው አምባረቁ።

ጋሽ ሥርዓት ዳግም ያነሷቸውን እጆቻቸውን አዩ። ወደ ግራ በኩል ወደ ሚስታቸው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዷቸውና ሁለቱንም ኪሳቸው ከተቱ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ማመን አቃተው። ባለሱቁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ አንገቷን ደፍታለች፣ አንዷ ማይክ ይዛለች።

ጸለየች። ስትጀምር እየተጣደፈች ነበር፤ ቀይ መብራቱ መጣ አልመጣ እያለች። አልመጣም። ሲገባት ረጋ አለች፤ የእናቷን ፍርሃት እናቷ እንደ ነገረቻት አድርጋ ለጌታ ነገረችው። አሜን ያለችው እሷ ናት፤ ጋሽ ሥርዓት የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እናቷ ከቀዶ ሕክምናው ነቅታ ድምፅዋ ሲመለስላት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቁስሏ አልነበረም።

«ያ ከሁሉ በላይ አሜን ያለልኝ ሰው ማነው? ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር እኮ።»

«ጋሽ ሥርዓት ናቸዋ። የደረት ማይካቸው በርቶ ነበር። ማጥፋት አያውቁም።»

«አስተምሪያቸው እንጂ።»

«አስተምራቸዋለሁ» አለች ኤሌክትሪሻኗ።

እስከ ዛሬ አላስተማረቻቸውም። እሳቸው አሁንም «መስመር!» ይላሉ፤ አሁንም ስለ ሻርፕ ይናገራሉ፤ «ያ ቀን ልዩ ፈቃድ ነበር» ብለው በየሳምንቱ ይከራከሯታል። እሷም ትመልስላቸዋለች። ተበሳጭተው ወደ ወንበር ማከማቻው ሲሮጡ፣ እትዬ ዝምም ሲከተሏቸው፣ ቶሎ ብላ ድምፃቸውን በእሷ በኩል ትዘጋዋለች። ባትሪያቸውን ግን ከራሷ ቦርሳ እያወጣች ትቀይርላቸዋለች፤ እያጉረመረመች።