ሪባን የሚጠብቀው ላቦራቶሪ

የግቢያችንን ታሪክና ጥንካሬ ለመጪው ትውልድ ማስተላለፍ የሁላችንም ግዴታ ነው። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዕድሜው አጭር ነው። የታሪክ ዝግጅት ኮሚቴ ስላለው ግን ታሪኩ ረጅም ነው።

ዋናው ጥንካሬያችን የሕክምና ላቦራቶሪያችን ነው። ማይክሮስኮፖቹ የገቡት አቢጋኤል የምትባል ልጅ ከዶዮገና መጥታ ትምህርት በጀመረችበት ዓመት ነበር። ሪባን ሳይቆረጥ መጠቀም ነውር ስለሆነ ክፍሉ የክብር እንግዳ እስኪመጡ ተቆለፈ። እንግዳው በቀጠሩ ቁጥር ይቀራሉ። እሳቸው ቢቀሩም ለግብዣው ከቡላ የሚሠራው አታካና አይቀርም፤ አዘጋጅ ኮሚቴው ቅቤ የጠገበውን አታካና እየበላ፣ ብክነትን በመከላከል አርአያ ሆኗል።

ትምህርቱ ለአንድ ቀንም አልተቋረጠም። መምህር ሆሴዕ ማይክሮስኮፑን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አሳምረው ይስሉታል፤ ተማሪዎቹም ተራ በተራ ወጥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል።

አቢጋኤል ግን ምስጋና አታውቅም። መመረቂያዋ ሲደርስ ወደ ዲኑ ዶክተር ዘርአብሩክ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ነገ ጤና ጣቢያ ስመደብ የሰው ደም ይሰጡኛል። ወባ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

«ሥዕሉን ተምረሽ የለም እንዴ?»

«በሽተኛው ሥዕል አይደለም እኮ!»

«ልጄ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሏት።

በምረቃው ሳምንት እንግዳው መጡ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ እልልታው ቀለጠ። እንግዳው ፕላስቲኩ ያልተገለጠውን ማይክሮስኮፕ አይተው እንባ ቀረሽ ንግግር አደረጉ።

«ይህን ያህል ዓመት ጭረት ሳያገኘው! ይህ ዕቃ አይደለም፣ ቅርስ ነው!»

«አንዴ ልየው?» አለች አቢጋኤል።

«እንዳትነኪው!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

በጭብጨባ ክፍሉ ሙዚየም ሆነ፣ ተመልሶም ተቆለፈ። ጥንካሬያችን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ታሪካችን ሆነ።

አቢጋኤል በማዕረግ ተመርቃ ወደ ፎንቆ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ክረምቱ እንዳለፈ ዶክተር ዘርአብሩክ ከመስክ ሲመለሱ ያንዘፈዝፋቸው ጀመርና እዚያው ጤና ጣቢያ አስገቧቸው። ደማቸው ተወስዶ ተማሪያቸው ፊት ቀረበ። እሷም አንድ ዓይኗን ጨፍና የጤና ጣቢያውን ማይክሮስኮፕ ከሩቅ አየችው።

«እህ፣ ልጄ? ወባ ነው?» አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

«አይቸኩሉ ዶክተር» አለቻቸው። «ጠመኔ እስኪያመጡልኝ ነው።»