ወልዴ ያልጋለበው ፈረስ

እኛ በሽተኛ መጠየቅ እንወዳለን፤ ችግሩ በሽተኛው ከጥየቃችን መትረፉ ላይ ነው። ፊታችንን አጥቁረን እንገባለን፣ «እግዜር ይማርህ» እንላለን፣ ከንፈራችንን እንመጣለን፣ ከዚያ በዚያው በሽታ የሞተ ዘመዳችንን እናስታውሳለን። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱ። በሽተኛ ፊት መሳቅ ነውር ነው ብሎ ያስተማረን ማን እንደሆነ እንጃ፤ መቼም ታሞ የሚያውቅ ሰው አይመስለኝም።

ባቡሩ አበሻን እያመጣ ጅቡቲ ላይ በሚያራግፍበት ዘመን፣ ወልዴ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ፍየል ይፈራል። በዚያ ከተማ ደግሞ ፍየሉ ከሰው እኩል መንገድ ላይ ይንሸራሸራልና ወልዴ ያልዘለለው አጥር አልነበረም። ይኸው ሰው ጉሮሮው አብጦ መግል ያዘ። እንኳን ምግብ ውሃ አልወርድ አለው። በዚያ ሙቀት ውሃ ያልጠጣ ሰው ስንት ቀን ይቆያል? ፈረንጁ ሐኪም «መግሉ ካልፈሰሰ አይተርፍም» አለ፤ ወልዴ ደግሞ ምላጩን ሲያይ አልጋውን የሙጥኝ አለ። ሚስቱ አስካለ እግሩ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ አልቃሽ ነበሩን። አገር ቤት ቢሆን ለሙሾ መግጠሚያ ጊዜ አይጠፋም፤ ጅቡቲ ግን በሙቀቱ የተነሳ ጠዋት የሞተ ቀትር ላይ ይቀበራል። ስለዚህ እትዬ አስቀድመው ይዘጋጃሉ። የወልዴን ዘር ማንዘር አያውቁ፤ ታዲያ ምን ያድርጉ? ድሮ ለአንድ ባላባት ያወጡትን ሙሾ በወልዴ ስም አድሰው፣ ከሳንቃው ግድግዳ ውጭ ተቀምጠው፣ የማይሰማ መስሏቸው ይለማመዱ ጀመር።

«ፈረሱን ሲጋልብ መሬት ያንቀጠቅጣል፣
ወልዴን አንበሳ ሲያይ ጎሬው ይሸጎጣል።»

ወልዴ ዓይኑን ገለጠ። እኔን አየኝ። ጥርስ ባዳ ነው፤ የኔው አመለጠኝ። የእሱም ትከሻ ይርገፈገፍ ጀመር፣ ፊቱ ቀላ፣ ጉሮሮው ሲር ሲር አለ። አስካለ ነፍሱ የወጣች መስሏት «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ጮኸች። ይህን የሰሙት እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አደግድገው እየሮጡ ገቡና አንበሳውን ከነፈረሱ በሙሉ ድምፃቸው አወረዱት። ወልዴ ይህን አልቻለም። ሳቁ ፈነዳ፤ መግሉም አብሮ ፈነዳ። ጎንበስ ብሎ ተፋ፣ ደግሞ ተፋ።

«ውሃ!» አለ። አንድ ጣሳ ጨለጠና ወደ አልቃሿ ዞረ። «እትዬ፣ የቱን ፈረስ ነው?»

እትዬ ተቀይመው ወጡ። ያን ለት አስካለና እኔ እየሳቅን አለቀስን፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከወር በኋላ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠን፣ በባቡር አዲስ የመጣ ደንበኛ ስለ አገር ቤት ሲያወራ፣ ወልዴ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካና «እኔም ፈረስ እጋልብ በነበረ ጊዜ አንድ አንበሳ…» ብሎ ጀመረ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አስካለ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ወንድሜ፣ ይኸኛውን በሽታውንስ ምን ያድንልኛል?»

«ፍየል አስገቢበት» አልኳት።