ዶን ሌኦካዲዮና የእኔ ዘጠኝ ሽንፈት

የሰውን ልክ ከሰውየው ይበልጥ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ከፀሐይ በታች የለም። ከስኳር ፋብሪካው ጥግ ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ዶን ሌኦካዲዮ ናቸው፤ «ዶን» በእኛ አገር የአክብሮት መጠሪያ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሸንኮራ ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሚዛኑ እዚያው ቀረ፤ የመመዘን አመላቸው ግን አብሯቸው ወጣ። አሁን የሚመዝኑት እሑድ እሑድ ቤዝቦል የምንጫወተውን እኛን ምስኪኖቹን ነው።

ክቡርነታቸው ከሜዳው ዳር ማንጎው ሥር በፕላስቲክ ወንበር ይሰየማሉ። ጉልበታቸው ላይ ደብተር፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ። ተከላካይ አንድ ኳስ ሲያመልጠው የመቺው ጥሩ ምት ነው ወይስ የተከላካዩ ስህተት ብለው የሚፈርዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይግባኝ የለም። ለምኖ ያስቀየራቸውም የለም።

አንድ ቀን በፀጉር አስተካካዩ በፔላዮ ስንስቅ ሰሙን። ፔላዮ ሲሮጥ ሆዱ ቀድሞት ነው ቤዝ የሚደርሰው፤ ቤዝ ማለት መቺው ሮጦ የሚቆምባት ማረፊያ ናት።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አሉ። «መቶ ጊዜ ዱላ ይዞ ቢቆም ሃያ አራቱን ይመታል። አሥራ ሰባት ጊዜ ደግሞ በትክክል ያልተወረወረለትን መጥፎ ኳስ ሳይመታ ያሳልፍና በአራተኛው በነፃ ወደ ቤዝ ይሄዳል። አርባ አንድ! የኔ ልጅ ዋስካር ሠላሳ አንድ ይመታል፤ በነፃ የሚሄደው ግን ሁለቴ ነው፣ ያየውን ሁሉ ካልመታሁ ስለሚል። ሠላሳ ሦስት! ማን ይበልጣል?»

«ኧረ ዶን፣ የመታና በነፃ የሄደ እኩል ነው እንዴ?» አልናቸው።

«ቤዝ ላይ ቆሞ በምን መጣህ የተባለ ሰው አይቼ አላውቅም!»

ዋስካር አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ፊቱን አጥቁሮ ሄደ።

እኔ ራዳሜስ ነኝ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለመቺው ኳስ የምወረውር የቡድኑ ወርዋሪ ነኝ። ዘንድሮ ሁለት ጨዋታ አሸንፌ ዘጠኝ ተሸነፍኩ። ተጋጣሚዎቻችን «አጽናኛችን» ነው የሚሉኝ። አሠልጣኛችን ቺቺ ለዋንጫው ጨዋታዎች ከሁለት ነባር ወርዋሪዎች አንዱን ብቻ እንደሚያስቀር፣ ስሙንም ቅዳሜ የዶን ሌኦካዲዮ ደብተር ባለበት እንደሚያነብ ተናገረ። ወይ እኔ፣ ወይ ስምንት ያሸነፈው ኦዳሊስ። በዚህ ዕድሜ ከዚህ ቡድን ከተባረርኩ የሚወስደኝ የለም። የቀረኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዶሚኖ መደርደር ነው።

 ያን ሳምንት እግሬ አላርፍ አለ። ሱቅ ሄጄ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ረስቼ እመለሳለሁ፤ ደግሜ እሄዳለሁ። ማክሰኞ አላስችል ሲለኝ ዶን ሌኦካዲዮ ቤት ገባሁ። እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ሩዝና ባቄላቸውን ይበላሉ፤ ዋስካር ጓሮ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ለብቻው ይበላል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው ባለቤታቸውን ዶኛ ኔሬይዳን በሹክሹክታ።

«የሁልጊዜው ነው። እሑድ ይኳረፋሉ፣ ሐሙስ ይታረቃሉ፣ እሑድ ደግሞ ጨዋታ አለ።»

ለሌላ ሰው ጠብ ጊዜ አልነበረኝም። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። «ዶን፣ ስለ እኔ ደብተሩ ምን ይላል? እንደው ፍንጭ እንኳ...»

«ሚዛን ፍንጭ አይሰጥም። ይልቅ ባለፈው በሦስተኛው ዙር ሁለት ሰው በነፃ አሳልፈሃል።»

ደሜ ፈላ። እኚህ ሽማግሌ ጉድጓዴን ቆፍረው ጨርሰዋል ብዬ ወጣሁ። በመንገዴ ሁሉ ስረግማቸው ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ፔላዮ ፀጉር ቤት ተሰበሰብን። ቺቺ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦዳሊስ ስምንት አሸንፏል፤ ራዳሜስ ሁለት። ነገሩ ግልጽ ነው።»

«አይደለም» አሉ ዶን ሌኦካዲዮ ደብተራቸውን እየገለጡ። «ድል የወርዋሪ ብቻ አይደለም፣ የመቺዎቹም ነው። ለኦዳሊስ በየጨዋታው ዘጠኝ ነጥብ ታስቆጥሩለታላችሁ፣ ለራዳሜስ ሁለት። በዘጠኝማ እኔም በዚህ ጉልበቴ አሸንፋለሁ!»

«ራዳሜስ ላይ እኮ ሃምሳ ሁለት ነጥብ ገብቷል!» አለ ቺቺ።

«ገብቷል። ሃያ አንዱ የራሱ ነው። ሠላሳ አንዱ ግን የገባው ተከላካይ መያዝ የሚገባውን ኳስ ስለጣለ ነው፤ ያ በወርዋሪ አይቆጠርም። ለአንድ ሙሉ ጨዋታ ሲካፈል ራዳሜስ በራሱ ጥፋት የሚያስገባው ሁለት ነው። ኦዳሊስ አምስት።»

 ቺቺ ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብሎ «ታዲያ ያን ሁሉ ኳስ የጣለው ማነው?» አለ።

ዶን ሌኦካዲዮ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሠላሳ አንዱ አሥራ ዘጠኙ የገባው ዋስካር በጣለው ነው። ልጄ።»

ዋስካር በሩን በርግዶ ወጣ። ቺቺ የእኔን ስም አነበበና ቡድኑ ውስጥ ቀረሁ፤ ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስታዬ ግን አልዋጥ አለኝ። የእሑዱ ኩርፊያ ምን እንደሆነ የገባኝ ገና ያኔ ነው። እኔ ስረግማቸው እሳቸው ለእኔ እውነቱን እየጻፉ ከገዛ ልጃቸው ተለያይተው ሲበሉ ከርመዋል። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ዋስካር ላካት። አጎነበሰ። በእግሮቹ መካከል ሾልካ አለፈች። ሕዝቡ ጮኸ። ዶን ሌኦካዲዮ እርሳሳቸውን ሲያነሱ አየሁና እጄን እያወዛወዝኩ ሮጥኩ።

«ዶን! ምት ነው! ድንጋይ አንጥሯታል! በእኔ ላይ ይጻፉት፣ በእናትዎ!»

«ራዳሜስ፣ አንተ ወርውር! እኔ ልጻፍ!»

«አይጻፉት እኮ ነው የምልዎ!»

ያኔ ከኋላዬ ዋስካር ጓንቱን ከፍ አድርጎ ጮኸ። «የኔ ነው፣ አባዬ! ስህተት ነው፣ ይጻፉት!»

 ሽማግሌው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ተክለው ልጃቸውን ብዙ አዩት። ከዚያ አቀርቅረው ጻፉ።

«ወርውር አልኩህ እኮ፣ ወሬኛ!» ብለው ተቆጡኝ። ድምፃቸው ግን ተሰባብሮ ነበር። የእኔም ዓይን እንባ ሞልቶት መቺው በደንብ አልታየኝም፤ አራት መጥፎ ኳስ ወርውሬ በነፃ አሳለፍኩት። እሱንም ጻፉት።