እትዬ ማንያህልሻል ሙዚየም ሲገቡ

ሙዚየም በተከፈተበት አገር ሁሉ፣ ዕቃውን ትቶ ሰው የሚያይ ጎብኚ አይጠፋም። የድሮ መንገደኞችና ደራሲዎች ስለ መጀመሪያዎቹ የሕዝብ ሙዚየሞች ሲጽፉ ይህን ጎብኚ ሳያላግጡበት አያልፉም፤ ስንቁን ይዞ ይገባል፣ ሐውልት ይዳስሳል፣ ጮክ ብሎ ይስቃል፣ ጥበቃውን በወሬ ይይዛል። እነዚያን መጻሕፍት ባነበብኩ ቁጥር ጸሐፊዎቹ ክብርት እትዬ ማንያህልሻልን የት አገኟቸው እላለሁ። እሳቸው እኮ እዚሁ ስደት አገር፣ ሬይኖልድስበርግ በምትባል ከተማ፣ ከእኔ ግድግዳ ማዶ ነው የሚኖሩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳውንታውን ወዳለው ሙዚየም የምነዳቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ የኮቪድ ማስካቸውን ያስተካክሉና ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ስለሆነ ድፎ ዳቦ በፌስታል ይዘዋል። የበሯ ልጅ «ኖ ፉድ» ስትላቸው፣ «ለእናንተ ነው እኮ!» ይሏታል።

ሥዕል አያዩም እያልኩ አይደለም። ያያሉ፣ ግን እንደ ዘመድ ፎቶ ነው። ሥር የተጻፈውን የልደትና የሞት ዘመን ያስነብቡኝና፣ «ውይ፣ በልጅነቷ! ልጆቿን ማን አሳደጋቸው?» ይላሉ። እኔ ስለ ቀለሙ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ «እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ነፍስ ይማር በል» ይሉኛል፤ እኔም እላለሁ። በአንድ ከሰዓት አንድ ክፍል ሙሉ ሟች አልቅሰን እንወጣለን።

ከሁሉ የሚወዱት ግን ጥበቃውን ዋልተርን ነበር። «ጋሼ ዋልተር፣ ዋይፍ ሃው ኢዝ? ጉልበቷ ተሻላት?» የሚስቱን ጉልበት ከሐኪሟ ይልቅ እሳቸው ተከታትለውታል።

በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ፣ በረዶው ሳይለቅ፣ ዋልተር ጠፋ። ሚስቱ በኮቪድ እንደሞተች ሌላዋ ጥበቃ ነገረችን።

«ቀብሯ ላይ ማን ተገኘ?»

«በዙም ነበር» አልኳቸው ጠይቄ።

እሳቸውም እኅታቸውን የቀበሩት በዚያው በዙም ነው፤ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ በግድግዳው እሰማ ነበር።

«አድራሻውን ጠይቅልኝ። ለቅሶ እንድረስ።»

«እትዬ፣ እዚህ አገር አድራሻ አይሰጡም። ፕራይቬሲ ነው።»

«እንግዲያው ሥራ ሲገባ እዚያው እንደርሳለን።»

አደረጉት። ሌላዋ ጥበቃ ዋልተር ይመለሳል ባለችን እሑድ እትዬ ማንያህልሻልና የማኅበር እኅቶቻቸው ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እሱ የሚጠብቀው ክፍል ገቡ። «እግዜር ያጽናዎት ጋሼ» ብለው ፊት ለፊቱ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ከዚያ ዝም። ለቅሶ ቤት ወግ ነው፤ አብሮ ቁጭ ማለት። እኔ ግን አፍሬ ከአንድ ሐውልት ጀርባ ቆምኩ፣ እንደማላውቃቸው ሆኜ። አንድ ጎብኚ የኤግዚቢሽኑ ክፍል መስለውት ፎቶ ሊያነሣቸው ስልኩን አወጣ።

ብዙ ቆይቶ የጥበቃዎቹ አለቃ መጣች። ሥራ ላይ እንግዳ ሰብስበሃል ብላ ሽማግሌውን ልትቀጣው ነው ብዬ ሰጋሁ።

«ሌዲስ፣ ሥዕሉን እያያችሁ ነው?»

«ለቅሶ ላይ ነን» አሉ እትዬ ማንያህልሻል በጥሩ አማርኛ፤ ንቅንቅም አላሉ።

አለቃዋ ወደ ዋልተር ዞረች። «ታውቃቸዋለህ?»

 የዋልተር ማስክ ከላይ በኩል በእንባ ርሷል።

«ዴይ አር ዊዝ ሚ፤ ከእኔ ጋር ናቸው» አለ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

 አለቃዋ ሄዳ ለዋልተር ወንበር አመጣችለትና ከሴቶቹ ጎን አስቀመጠችው።

በእትዬ ማንያህልሻል ኮራሁ። እንደ እናቴ እንደምወዳቸውም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከሐውልቱ ጀርባ ወጥቼ አጠገባቸው ሄድኩ።

«ዘግይተሃል» አሉኝ ቀና ብለው፤ ቦርሳቸውን ከአግዳሚው አንሥተው ቦታ ሰጡኝ።