ሐያት ወደ ደጋ የወጣችበት ምክንያት

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። በዚህ ሂሳብ በሸዋ ሮቢት፣ በእኛ ሰፈር፣ ቡዳ ያልሆነ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በተለይ የልጅ ገላ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በደጅ የሚያልፈው ሁሉ መንስኤውን ያውቃል፤ የሚያውቀውን ሳይናገር ማለፍ ደግሞ ንፉግነት ነው። እናንተም ብትሆኑ ዝም አትሉም።

የጎረቤቴ የዘሃራ ልጅ ሐያት ሁለት ዓመት ሳይሞላት የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት ቀላ፣ ተሰነጣጠቀ፤ እያከከች እንቅልፍ አጣች። አንዱ እንቁላሉ ነው አለ፤ እንቁላል ቀረ። ሌላው የፍየል ጠጉር ነው አለ፤ ፍየሏ ተሸጠች። አባቷ ማሾ ሲወቃ የሚነሳው አቧራም ተጠረጠረ። ዘሃራ ጠዋትና ማታ ልጅቷን የምትፈትግበትን የልብስ ሳሙና ግን ማንም አልጠረጠረም። በዚህ ሙቀት ልጇን የማታጥብ እናት ምን ትባላለች? ንጹሕ ነገር ደግሞ አይከሰስም።

በመጨረሻ ሰፈሩ ፈረደ፤ ጥፋቱ የቆላው ነው። ሐያት ደብረ ሲና፣ አክስቷ ፋጡማ ዘንድ ትውጣ ተባለ። ፋጡማ የአባትየው እህት ናት፤ ልጅ የላትም፤ ብዙም አላስለመነችም። ዘሃራ ልጇን ሸኝታ ስትመለስ ቀና ብላ ሰው አላየችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጇን ልትጠይቅ ስትወጣ፣ እኔም ለጉዳይ ወደዚያው ነበርኩና አብረን ሄድን። የሐያት ቆዳ ለስልሷል። ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሳትጨርስ ፋጡማ ልጅቷን ከጭኗ ሳታወርድ ተናገረች።

«አየሩ ተስማማት። እንግዲህ እዚሁ ትደግ።»

ዘሃራ ልጅቷን ከፋጡማ ጭን አነሳች። አዝላትም፣ እውነት አየሩ መሆኑን ልትጠይቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት። ጤና መኮንኑ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ልጅቷ እንዴት እንደምትታጠብ ነበር። ፋጡማ አፈረች። ብርዱን እየፈራች ከስንት አንዴ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ነው የምታጥባት፤ ንፋሱ እንዳይሰነጥቃት ግን ጠዋት ማታ ቫዝሊን ትለቀልቃታለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር ሰውየው አስቆማት።

የአንዳንድ ልጅ ቆዳ፣ አለ፣ ከተፈጥሮው በደንብ ያልተለሰነ ግድግዳ ነው። እርጥበቱ ይወጣል፤ አቧራው፣ ሌላውም ሌላውም ይገባል። ሰውነት የገባውን ሁሉ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል፤ የሚያቀላውና የሚያሳክከው ያ ጠብ ነው። ኃይለኛ ሳሙና የቀረውን ልስን ያራግፋል፤ ቅባት ይመርገዋል። ሲያገረሽባት መድኃኒት አለው።

«አየሩ አይደለም። ሳሙናው ይቅር እንጂ ቆላም ትኖራለች።»

አስቡት እንግዲህ። አየሩን ካመነች ልጇን ታጣለች፤ ሰውየውን ካመነች ግድግዳውን ስታፈርስ የከረመችው ራሷ ናት፣ ያውም በንጽሕናዋ እየተመሰገነች። ልጇን እንዳዘለች እስከ መናኸሪያው ድረስ ከፊት ከፊታችን ሄደች። ሚኒባሱ መጫን ሲጀምር ወደ ፋጡማ ዞረች።

«የልጄን ልብስ አምጪልኝ። ቫዝሊኑንም።»

ሐያት ዛሬ ሮቢት ትሮጣለች፤ ገላዋ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ምን ተገኘላት ብሎ ለሚጠይቅ ጎረቤት ዘሃራ ፊቷ ሳይለወጥ ትመልሳለች፦ የሮቢት አየር ዘንድሮ ተሻሽሏል። ሰፈሩም አምኗል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ለውጡን ከእሷ ቀድመው አስተውለው ነበር።